«ዝናብ ነው ያፈረሰው» አትበሉን

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ከአሰላ ወደ ጎበሳ በቅጥቅጥ አይሱዙ እየሄድን ነበር። ጎበሳ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን መኪናው ቀጥ አለ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ፤ ወደፊት ሄዶ አየና ሲመለስ «ውረዱ፣ መንገድ የለም» አለን። ልብ በሉ፣ «መንገድ ተበላሽቷል» አላለም። «መንገድ የለም» ነው ያለው። ወርጄ ሳየው ልጁ አንዲት ቃል አላጋነነም። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን ከመሐሉ ስምንት እርምጃ ያህል ቆርሶ ወስዶታል። ከወዲህ እኛ ቆመናል። ከወዲያ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሟል። በመሐላችን ቡና የመሰለ ውሃ እየተንደረደረ ይወርዳል።

ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ማዶ አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። እያቃሰተች አይደለም፤ ዝም ብላለች፤ ያስፈራኝም ዝምታዋ ነው። ጎረምሶቹ እስከ ወገባቸው እየገቡ፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ አሻገሯት። ሾፌራችን ማንንም ሳያማክር መኪናውን አዞረ፤ እኛን መንገድ ላይ ትቶ እሷን ይዞ ወደ አሰላ ተመለሰ። ያኮረፈ ተሳፋሪ አልነበረም። ከወር በኋላ አሰላ መናኸሪያ አግኝቼው ስጠይቀው «ሁለቱም ተርፈዋል፣ ጋሼ» አለኝ። ተመስገን ነው። ግን ያተረፋቸው መንገዱ አይደለም፤ የአራት ጎረምሶች ትከሻ ነው።

እዚያው ቆመን ሳለ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ በፈረስ መጥተው አጠገቤ ወረዱ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አንድ የሲሚንቶ ቱቦ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ስፋቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። ከግማሽ በላዩ በደለል፣ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በላስቲክ ተጠቅጥቋል።

«አባባ፣ ዝናቡ እንዲህ ከባድ ነበር?» አልኳቸው።

«ከባድስ ከባድ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በዱላቸው ቱቦውን ነካ አድርገው፣ «ግን ልጄ፣ ይኼ ጉሮሮው ከታነቀ ሦስት ክረምት ሆኖታል። የታነቀን ሰው ውሃ ብታጠጣው ይውጥልሃል?»

ይህ ጨዋታ ከጭንቅላቴ ያልወጣው በሽማግሌው አነጋገር ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተቆረጠ፣ ድልድይ በተወሰደ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመች ስለምትመጣብኝ ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ ባስከተለው ከባድ ዝናብ ምክንያት…» ትላለች። በዜና ትነበባለች፤ በስብሰባ ትነገራለች፤ በሪፖርት ትጻፋለች። ድሮ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ነበር የሚባለው። አሁን ምክንያቱ ሳይንሳዊ ስም አገኘ። እንዲህ ያለ ስም ያገኘ ምክንያት ደግሞ ጠያቂ የለውም። ዝናብን ማን ፍርድ ቤት ያቆመዋል?

«ታዲያ አንተ የአየር ንብረት ለውጥ የለም ልትል ነው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልልም። ለውጡ አለ። የተለካ ነገር ነው። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሏል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል የበለጠ የውሃ ተን መሸከም ይችላል። የተሸከመውን ደግሞ አንድ ቀን ማውረዱ አይቀርም። በተጠቀሱት ዓመታት የዝናቡ ጠቅላላ መጠን በአገር አቀፍ ደረጃ ጥርት ያለ የመጨመር ወይም የመቀነስ አቅጣጫ አላሳየም። የሚያሰጋው አወራረዱ ነው። ሦስት ቀን እያካፋ ይወርድ የነበረው በሦስት ሰዓት ሲወርድ መጠኑ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። ስለ አየር ንብረት የሚያጠናው የመንግሥታቱ የባለሙያዎች ጉባዔም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ምድር በሞቀች መጠን ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የሚወርደው ከባድ ዝናብ እየጠነከረ እንደሚሄድ አስቀምጧል።

አሁን ወደ ቱቦዋ እንመለስ። ቱቦም ሆነ ድልድይ የሚሠራው ባለፈው ዘመን ዝናብ ስሌት ነው። መሐንዲሱ የአካባቢውን የዝናብ መዝገብ ያያል፤ ከዚያ «የ10 ዓመት ጎርፍ»፣ «የ25 ዓመት ጎርፍ»፣ «የ50 ዓመት ጎርፍ» እያለ ይመድባል። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2013 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የውሃ ማፋሰሻ ዲዛይን መመሪያም አገሪቱን በዝናብ ቀጠና ከፍሎ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ ሰው «የ10 ዓመት ጎርፍ» ሲባል በ10 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ፣ ቀጠሮ ያለው እንግዳ ይመስለዋል። አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው ማለት ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ ለ10 ዓመት ጎርፍ የተሠራ ቱቦ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ውሃ የሚያጋጥመው 65 በመቶ በሚሆን ዕድል ነው። እንግዲህ ዝናቡ ተለውጦ ያ የ10 ዓመት ጎርፍ በየ5 ዓመቱ የሚመጣ ዓይነት ቢሆን፣ ዕድሉ ወደ 89 በመቶ ይወጣል። ቱቦዋ ሳትነካ፣ ሳትሰነጠቅ፣ እዚያው ተቀምጣ «አነስተኛ» ሆነች ማለት ነው። የለበስነው ልብስ ሳይቀየር እኛ እንደወፈርነው ዓይነት ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነት በመሆኑ ነው እኮ ሰበብ ሊሆን የማይችለው! ሳይታሰብ የመጣ እንግዳ «ምሳ አላዘጋጀሁም» ያስብላል። እኛ ግን እንግዳውን በስሙ እየጠራን፣ ስለ እሱ ስትራቴጂ እየጻፍን፣ አዳራሽ እየተከራየን ከረምን። የዓለም ባንክ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ለመላመድ የሚያስፈልጋትን ወጪ ሲያጠና ለይቶ ከመረጣቸው ዘርፎች አንዱ መንገድ ነበር። መንግሥትም በ2011 እ.ኤ.አ. ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የሚል ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። «የማይበገር» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሌባ እንደሚመጣ ከዓመታት በፊት ተነግሮት፣ ስለ ሌባው ወርክሾፕ ተካፍሎ፣ አበል ተቀብሎ፣ በሩን ግን ሳይዘጋ ያደረ ሰው ሲዘረፍ «ሌባው ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» ቢል ማን ያዝንለታል?

ደግሞስ ያቺ የጎበሳ ቱቦ የወደቀችው በተለወጠው ዝናብ ነው ወይስ ባልተጠረገው ደለል? እስኪ በስሌት እንነጋገር። ግማሹ በደለል የተሞላ ቱቦ የሚያሳልፈው ውሃ ከሙሉ አቅሙ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ውሃው ጠቦ፣ በሻካራው ደለል ላይ እየተጎተተ ነው የሚያልፈው። ዝናቡ በ7 በመቶ ወይም በ15 በመቶ ቢጨምር፣ እኛ ደግሞ ከግማሽ በላይ ዘግተን ብንጠብቀው፣ ጥፋቱ በማን ይብሳል? እኔ የሒሳብ ሊቅ አይደለሁም። ሽማግሌው ግን ያለ ሒሳብ ደርሰውበታል።

ያንን ቱቦ ለመጥረግ ምን ያስፈልግ ነበር? ሁለት ሦስት ሰው፣ አካፋ፣ ዶማ፣ አንድ ቀን። ይኼው ነው። አገራችን ለጥገና ሕግና ተቋም አጥታም አይደለም። መንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ መንገድ እንዲጠገን ነው። ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር ከፍላችኋል ማለት ነው። በዚያው በ1989 የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የተሠራን አለመመስከር ንፉግነት ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ፕሮግራምም በእግርና በበቅሎ ብቻ ይኬድባቸው የነበሩ ብዙ ቀበሌዎችን መኪና አሳይቷል። ነገር ግን መንገድ እንደ ሐውልት አቁመውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። እንደ ጥጃ ነው፤ ሲወለድ እልል ከተባለ በኋላ ሣር ይፈልጋል። የመንገዱ ርዝመት በአራት እጥፍ ሲያድግ አካፋው በስንት እጥፍ አደገ? ይህን የሚጠይቅ አጣሁ።

ለምን እንደሚጠፋም አውቃለሁ። ቱቦ ሲጠረግ ሪባን አይቆረጥም። ደለል ሲዛቅ ካሜራ አይመጣም። «ዛሬ በሺርካ ወረዳ አንድ ቱቦ ሳይደፈን ዋለ» የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ መንገድ ሲመረቅ ግን ድንኳን ይጣላል፣ ሰንጋ ይጣላል፣ ንግግር ይደረጋል። ስለዚህ ለሹሙ የሚያዋጣው መንገዱ እስኪፈርስ ጠብቆ እንደገና መሥራት ነው። ሁለት ጊዜ ይመረቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን የምርቃት በጀት የሚባል ነገር ስላልነበራቸው ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ቱቦዋ የማን ናት? መንገዱ የፌዴራል ነው ሲባል ክልሉ እጁን ይሰበስባል። የክልል ነው ሲባል ወረዳው ይሰበስባል። የወረዳ ነው ሲባል ወረዳው «በጀት» ይላል። ለዚህ ጽሑፍ ስል ስለዚያች ቱቦ ጠይቄ ነበር። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው ላከኝ። መቼ እንደተተከለች፣ ለስንት ዓመት ጎርፍ እንደተሠራች፣ መጨረሻ መቼ እንደተጠረገች የሚያሳይ መዝገብ ያሳየኝ የለም። ሰው እንኳ ሲወለድና ሲሞት ይመዘገባል። ያቺ ቱቦ ሳትመዘገብ ኖራ ሳትመዘገብ ሞተች። የሞቷ ምክንያት ብቻ ተመዝግቧል፤ «የአየር ንብረት ለውጥ»።

እዚህ ላይ እኛ ጸሐፊዎችም፣ አንባቢዎችም፣ ገበሬዎችም ንጹሕ እንዳልሆንን መናገር አለብኝ። ከቱቦዋ በላይ ያለው ተዳፋት እስከ ጫፉ ታርሷል። የአርሲ ደጋ ታሪክ ይህ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ አርሲም የስንዴና የገብስ አገር ሆነች። በልተናል፤ ቢራውንም ጠጥተናል። ግን ከጭላሎና ከካካ ተዳፋት ላይ ዛፉ ሲነሳ፣ ውሃውን ይይዘው የነበረው ሥር አብሮ ተነሣ። ድሮ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዛሬ አፈር ተሸክሞ ወደ መንገዱ ይመጣል። ቱቦዋ የምታስተናግደው የሰማዩን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የኮረብታውንም ማጣት ነው። በነገራችን ላይ፣ እኔ በቆምኩበት ወር፣ ልክ ከተቆረጠው መንገድ በላይ፣ የችግኝ ተከላ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልኩ ያለችበት ዓመት ነው። መትከሉ ያስመሰግናል። ግን ያ ችግኝ ውሃ ለመያዝ ዓመታት ይፈልጋል። አካፋው ግን በማግስቱ ይሠራል። ችግኙን ተክሎ ቱቦውን መርሳት፣ ቤቱ እየነደደ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

መንገዱ ራሱም ጎርፍ ፈጣሪ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። መንገድ ተዳፋትን አቋርጦ ሲሄድ፣ በየማሳው ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ አፍ ይተፋዋል። ከቱቦው በታች ያለው ገበሬ ማሳው ቦረቦር ይሆናል። በትግራይ ከመቀሌ ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ከቱቦዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች ተፈልፍለዋል። ደስ የሚለው ግን እዚያው ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎችና ገበሬዎች ነገሩን ገልብጠው አዩት። ከመንገዱ የሚወርደውን ውሃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማሳ፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መምራት ጀመሩ። መንገዱም ዳነ፤ ጉድጓዶችም ውሃ አገኙ። ጠላት የነበረው ውሃ ሲፈለግ ወዳጅ ሆነ። ይህ ከስዊድንም ከቻይናም የመጣ ጥበብ አይደለም፤ ከራሳችን አገር ነው። አርሲ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የጎበሳው ነገር የጎበሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው የወንዝ መንገድ መሆኑን ረስቶት ነበር፤ ወንዙ ግን አልረሳም። የዓባይ በረሃ መንገድ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በየክረምቱ ይንሸራተታል፤ የጃፓን መንግሥት ድልድዩን በአዲስ ከሠራ በኋላም የመንሸራተቱ ጥናት ቀጥሏል። ውሃ ድልድይን ብቻ ሳይሆን ድልድዩ የተደገፈበትን ተራራ ጭምር ያንቀሳቅሳል።

እውነት ለመናገር ሁሉም የአየር ንብረት ጉዳይ አይደለም። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን ዋና መንገድና የድሮውን የባቡር ሐዲድ እያሳደደ ከፍ አስደርጓቸዋል። ባለሙያዎች ግን በዋናነት የሚያያይዙት ከመስኖ ትርፍ ውሃና ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ነው። እዚያም ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» ብለን ብንለጥፍ መድኃኒቱን እንስተዋለን። በሽታውን በትክክል ያልጠራ ሐኪም የሚሰጠው ኪኒን ዕድል ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።

ደግሞ ውሃው የት እንደሚሄድ አስቡት። ከጎበሳ አካባቢ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ዋቤ ሸበሌ ነው የሚገባው። ዋቤ ሸበሌ የአርሲንና የባሌን ደጋ አጥቦ ወደ ሶማሌ ክልል ይወርዳል። እዚያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከከሸፉና ከብቱ ካለቀ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጎርፍ መጣ። መንገድና ድልድይ ተቆረጠ፤ እርዳታ የጫኑ መኪኖች ሕዝቡ ጋ መድረስ አቃታቸው። በድርቅ የተራበ ሰው እህሉ በጎርፍ ማዶ ቆሞ ሲያየው ምን ይላል? ድርቅና ጎርፍ ባላንጣ ይመስሉናል እንጂ ተራ ገብተው የሚመጡ ወንድማማቾች ናቸው። መንገድ ደግሞ በሁለቱም ጊዜ የምንፈልገው ነገር ነው።

አሁን ዋናዋ መከራከሪያ ትመጣለች፤ «ድሃ አገር ነን፤ ይህን ያመጡት የበለጸጉት ናቸው፤ እነሱ ይክፈሉ።» በዚህስ እስማማለሁ። ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምትለቀው ጭስ ከዓለም ሲደመር አንድ በመቶ አይሞላም። አቶ መለስ ዜናዊ በ2009 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ አፍሪካን ወክለው ሲከራከሩ የበለጸጉት አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገብተዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚካስ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባዔ አዲስ አበባ ተካሂዷል። በ2027 እ.ኤ.አ. ደግሞ 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ የምታስተናግደው ይህችው አዲስ አበባ እንድትሆን ተመርጣለች። ዓለም እቤታችን ይመጣል ማለት ነው።

ጥሩ። እንግዶቹ ሲመጡ «ካሱን» እንላቸዋለን። «ስንት?» ቢሉንስ? «ያ ቱቦ ለስንት ጎርፍ ነበር የተሠራው? ያፈረሰው ትርፍ ዝናብ ነው ወይስ ደለል? መዝገቡን አሳዩን» ቢሉንስ? ባለዕዳ ምንጊዜም ደረሰኝ ይጠይቃል። እኛ የያዝነው ደረሰኝ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ጥገናውን ያልሠራ፣ መዝገቡን ያልያዘ አገር ትክክለኛ ክሱን እንኳ በገዛ እጁ ያበላሻል። «ዝናብ ነው ያፈረሰው» የምትለው ሰበብ የቤታችንን ሹም ታድነው ይሆናል፤ የውጭውን ባለዕዳ ግን ነጻ ታወጣዋለች።

የኪሳራውን ነገር ካነሣሁ ያ ድንች ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለመኪናው እስከ ከሰዓት ጠበቀ። ተስፋ ሲቆርጥ እዚያው አራገፈና በቆመው ሰው ላይ በወረደ ዋጋ ሸጠው። እኔም ገዛሁ። ርካሽ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወደ ቤቴ ስገባ ነው ያፈርኩት። የዚያ ገበሬ ኪሳራ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ የለም። የሴትየዋ ስቃይም የለም። በዚያ ሳምንት ወንዝ ሞልቶባቸው ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆችም የሉም። በነገራችን ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ልጅ ሳለ ከአሰላ አቅራቢያ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ሁላችንም በኩራት እንተርካለን። ከበቆጂም ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ወጥተዋል። እንኮራለን። ግን ከመንገድ እጦት ወርቅ ያወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ያወጡት ድካም ብቻ ነው።

«ተናግረሃል፤ ምን ይደረግ ትላለህ?» ካላችሁ፣ ከሰማይ የሚወርድ ነገር የለኝም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቱቦና ድልድይ ቁጥር፣ ባለቤትና መዝገብ ይኑረው፤ መቼ ተሠራ፣ ለስንት ዓመት ጎርፍ፣ መቼ ተጠረገ። ሁለተኛ፣ አርሲ በልግም ክረምትም የሚዘንብባት አገር ናት፤ ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊትና ከሰኔ በፊት ይጠረግ፤ ሥራውም ለየአካባቢው ወጣት በክፍያ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የወደቀው ቱቦ በዚያው ስፋት አይተካ። 60 ሳንቲ ሜትር የነበረው በ90 ቢተካ ስፋቱ በግማሽ ነው የጨመረው፤ የሚያሳልፈው ውሃ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ወጪው ግን ሦስት እጥፍ አይሆንም፤ ቆፋሪው ያው፣ መኪናው ያው፣ ጉድጓዱ ያው ነው። አራተኛ፣ ከመንገድ የሚወጣው ውሃ ለገበሬው ማሳ ጥፋት ሳይሆን ጥቅም እንዲሆን ከመነሻው በዲዛይኑ ይግባ፤ ገበሬውም ከመንገዱ በላይ ያለውን ተዳፋት በእርከን ይያዝ። ከአራቱ አንዱም አዲስ አይደለም። ባለሙያዎቻችን ከኔ አሥር እጥፍ ያውቁታል፤ በመመሪያም ጽፈውታል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ተጠያቂ ነው።

ከዚያ ነሐሴ ወዲህ በአርሲ ብዙ ክፉ ነገር አልፏል። ሰው በተገደለበት፣ ሰላም በጠፋበት አገር ስለ ቱቦ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፤ አምቡላንስም፣ እህልም፣ ለቅሶ ደራሽም፣ አስታራቂ ሽማግሌም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። የተቆረጠ መንገድ ማዶ ለማዶ ያለውን ሰው እንግዳ ያደርጋል።

ጎበሳ የገባሁት በሁለተኛው ቀን ነው። የመንደሩ ወጣቶች የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድረው፣ ድንጋይ ሞልተው መሻገሪያ ሠሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። ሽማግሌው ፈረሳቸውን እየጎተቱ ከፊቴ ተሻገሩ። ሰማዩ እንደገና ጠቁሮ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ሳየው ተጨነቅሁ። እሳቸው ግን ቀና ብለው «ይምጣ፣ ይምጣ፤ ገብሱ ይፈልገዋል» አሉ።

ዝናቡን አትክሰሱብን። እንኖርበታለን። አካፋውን ግን አምጡልን፤ ያውም ከሰኔ በፊት።